የቦካና የበሰበሰ ለየቅል ነው!

«ድሬዳዋንና ዓሣን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። የኛ ከተማ ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ውኃ የሚሆነው ሲቆጣ ብቻ ነው። ሲቆጣ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ያየነው አይረሳንም። ዓሣ ግን በደቻቱ አይታሰብም። ለድሬ ልጅ ዓሣ ማለት የጾም ሰሞን ጥብስ ነው፤ ካልሆነም በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ ነው።

እኔ ግን ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ላወጋችሁ ነው። ያውም ስለሚሸት ማጥመጃ! ነገሩ ከጀሪካን ተነስቶ ትዳር ውስጥ ይገባል፤ ከትዳር ወጥቶ ሥራ ፈትነት ላይ ያርፋል። ስለዚህ «እኔ ዓሣ አላጠምድም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። አቦ፣ ትንሽ ታገሱኝ!

ጀሪካኑ

አንድ ጓደኛ አለኝ። ስሙንም ሰፈሩንም አልናገርም፤ ድሬ ትንሽ ናት፣ ነገ ከዚራ ላይ ያገኘኛል። ካገባ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ይሠራበት የነበረ አንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ከተቀነሱት መሀል ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ተነስቶ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያይ ነበር። ቀስ በቀስ ጠዋቱ እንቅልፍ ሆነ፣ ከሰዓቱ ደግሞ በርጫ።

የኛን አገር ከሰዓት እናንተው ታውቁታላችሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ የአወዳይ ጫትም ይደርሳል። ምርቃናው ሲመጣ ጓደኛዬ ፋብሪካ ይከፍታል፣ መኪና ያስገባል፣ ሚስቱን ዱባይ ወስዶ ያዝናናል። ማታ ምርቃናው ሲበርድ ፋብሪካውም ይዘጋል። ሚስቱ በአንድ ደመወዝ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛና የእሱን «ወጪ» ችላ ትጠብቀዋለች። እስከ መቼ? እሱንም እግዜር ይወቀው።

አንድ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚኖር የአጎቱ ልጅ ዘንድ ሄዶ ሁለት ቀን አድሮ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። «አምባዛ አጠመድኩ!» አለን። ሳቅንበት። እሱ ግን የምሩን ነው። እዚያ ያሉ ልጆች በቆሎ አስኮምጥጠው ለማባበያ ሲጠቀሙ አይቷል። በማግስቱ ቀፊራ ገብቶ በቆሎ ገዛ፤ ጀሪካን ሙሉ አዘጋጅቶ በረንዳ ላይ አስቀመጠ። «ምንድነው?» ስትለው ሚስቱን «ምስጢር ነው፤ የወንድ ነገር ነው፤ እንዳትነኪው!» አላት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ግቢው በሙሉ ገማ። አከራይ ጮኸ፣ ጎረቤት አፍንጫውን ያዘ። በዚህ መሀል ነው ባለቤቱ እኔን ያስጠራችኝ። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ልክ እንደገባሁ ጀመረችኝ፦

«አንተ በጋዜጣ ሰው ትመክራለህ አሉ። እስቲ የቅርብህን ሰው ምከርልኝ! ሥራ ማጣቱን ችያለሁ፣ ጫቱንም ችያለሁ። አሁን ደግሞ ሽታውን ቻይ ይለኛል። የሚበላ እህል ለዓሣ! ወይ እሱ ጀሪካኑን ይዞ ይውጣ፣ ወይ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ቤት ልግባ።»

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ከዓይኗ ያስታውቃል። ሻንጣው እውነትም ከአልጋው ሥር ወጥቶ በር አጠገብ ቆሟል።

«ይኼ ቦክቷል ያለህ ማነው?»

ጓደኛዬ ለመከራከር ጀሪካኑን ከበረንዳ አምጥቶ ከፈተው። ወይ ጉድ! ቤቱ ውስጥ የሞተ አይጥ ያለ መሰለን። ከላይ ያለው በቆሎ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። «ይሄው! መሽተት አለበት፤ ዓሣ የሚመጣው በሽታው ነው፤ በደንብ ቦክቷል» አለ ኩራት ቢጤ ይዞት።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ አየችው። ይቺ ልጅ እናቷ ጠላ ጠምቀው ነው ያሳደጓት። ብቅል ስትገለብጥ፣ ጋን ስታጥን፣ አተላ ስትደፋ ነው ያደገችው።

«ይኼ ቦክቷል ያለህ ማነው?» አለችው። «ይኼ በስብሷል። የቦካና የበሰበሰ አንድ መሰለህ እንዴ?»

እኔም እሱም ዝም አልን። ምን እንመልሳለን? እንጀራ ሲጋገር ስንት ዘመን በልተናል፤ ሊጡ እንዴት እንደሚቦካ ግን ጠይቀን አናውቅም። «የወንድ ምስጢር» የተባለው ነገር ከሷ ማድ ቤት የማይወጣ ዕውቀት ሆኖ ተገኘ!

ቁጭ ብላ ጠየቀችው። «ቀቀልከው?» «አይ፣ በጥሬው ነው የከተትኩት።» «ውኃው እህሉን ሸፍኖት ነበር?» «መጀመሪያ ሸፍኖት ነበር፤ በኋላ በቆሎው ጠጣው።» «ጨመርክበት?» «አልጨመርኩም።» «ከፍተህ አየኸው?» «ምን አየዋለሁ? እየጠበቅኩት ነበራ!»

«መጠበቅ ማለት ረስቶ መተው ነው እንዴ?» አለችው። ይህን ስትል ስለ በቆሎው ብቻ እያወራች እንዳልነበር ሦስታችንም ገብቶናል።

ባለሙያዋ ያሳየችው

የበሰበሰውን ዶሮ እንኳ እንዳይቀምሰው ጉድጓድ አስቆፍራ አስቀበረችው። ልክ ናት። የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ ቢቀቅሉት አይለቅም። ከዚያ አዲስ ተጀመረ። ያየሁትን ቅደም ተከተል ለሚፈልግ እነሆ፦

1ኛ. ለሰው የሚሆን እህል አልተነካም። ከወፍጮ ቤት የተገኘ የበቆሎና የማሽላ ግርድ ተለቀመ፣ ታጠበ። (ለዘር የተዘጋጀ፣ መድኃኒት የተቀባና ቀለም ያለው እህል ግን በፍጹም አይነካም። መርዝ ነው።)

2ኛ. በብዙ ውኃ አንድ ቀን ከሌሊቱ ተዘፈዘፈ። ደረቅ እህል ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ሳይዘፈዘፍና ሳይቀቀል ውኃ ውስጥ ከተጣለ ዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጣል፤ ዓሣውን ይጎዳዋል። ጥሬ እህል ማባበያ አይሆንም የሚባለው ለዚህ ነው።

3ኛ. በጥፍር ሲጫኑት እስኪፈርጥ ድረስ ተቀቀለ። በቆሎው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ማሽላው ከዚያ ባነሰ ደረሰ። ባጭሩ ንፍሮ ሆነ። የተቀቀለበት ውኃ አልተደፋም፤ ጣፋጩና ስታርቹ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

4ኛ. ሲቀዘቅዝ ጀሪካን ውስጥ ገባ፤ ከጀሪካኑ ሁለት ሦስተኛ አላለፈም። ውኃው እህሉን አራት ጣት ያህል ሸፈነው። ከዚያ አንድ ሲኒ የእንጀራ እርሾ ጨመረችበት። ጓደኛዬ አፉን ከፍቶ ቀረ!

5ኛ. ክዳኑ ጠብቆ አልተዘጋም። ሲቦካ አየር ስለሚፈጥር ካፈኑት ጀሪካኑ ይነፋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ጥላ ሥር ተቀመጠ፣ በየቀኑ ተማሰለ፣ ውኃው ሲጎድል ተጨመረ።

በድሬ ሙቀት በሦስተኛው ቀን አረፋ ደፈቀ። ደጋ ላይ ቢሆን አምስት ስድስት ቀን ይፈልግ ነበር። ሽታው? የጠላ አተላ! ይኮመጥጣል፣ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ግን አያቅለሸልሽም። ከላይ ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ቢይዝ ሊጥ ላይም የሚታይ ነውና አያስደነግጥም። ጸጉር ያበቀለ፣ አረንጓዴ ወይ ጥቁር ነገር ከታየ ግን ወደ ጉድጓዱ ነው።

ምሥጢሩ ምን መሰላችሁ? እርሾው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ደጋግ ነፍሳት ቀድመው ቦታውን ይይዙና ውኃውን ያኮመጥጡታል። ኮምጣጣ ውኃ ውስጥ የሚያበሰብሱት አይችሉም። ሻጋታ ደግሞ አየር ይፈልጋል፤ እህሉ ውኃ ውስጥ ከሰመጠ የሚቆምበት ያጣል። እንጀራን እንጀራ ያደረገው፣ ጠላንም ጠላ ያደረገው ይኸው ነው።

ይህ ነገር የኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በካንሳስና በቴክሳስ በኩል የአምባዛ ዘመድ የሆነውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በባልዲ እህል አኮምጥጠው ውኃ ውስጥ ይበትናሉ። ምን እህል መሰላችሁ? ማሽላ! ከዚሁ ከኛ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው ማሽላ። እኛ ዘንድ ለአጥማጅ ሳይሆን ለጠላ ጠማቂ ነው ምሥጢሩ የተሰጠው።

አዋሽ ዳር

ባለቤቱ ያቦካችውን ይዘን ቅዳሜ አዋሽ ወረድን። «እስከዚያ ድረስ ለምን? ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ አይቀርብም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይቀርባል። ግን የሐረማያን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ያ ትልቅ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኛው አቆጣጠር ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ደለሉ ሞላው፤ ከተሞች ጠጡት፤ ፓምፕ በዙሪያው ተደርድሮ አትክልትና ጫት አጠጣበት። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ ማየት ደስ ይላል፤ ገና ያገገመ በሽተኛ ነውና እኛ ደግሞ መንጠቆ ይዘን አንሂድበት ተባባልን። ጓደኛዬ መንገድ ላይ፣ «እኔ ከሰዓት በኋላ የምቅመው ቅጠል ነው ለካ ሐይቁን የጠጣው» አለ። ቀልዱን ነው ብዬ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

አዋሽ እንደ ወተት ቡና ነው፤ ደፍርሷል። አምባዛ በዚህ ውኃ ውስጥ በዓይኑ ብዙም አይተማመንም። አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው፤ በጢሙና በቆዳው ጭምር ነው የሚቀምሰው። የቦካ እህል የሚያወጣው ኮምጣጣ ፈሳሽ ውኃው ላይ ሲሰራጭ ለእሱ የጥሪ ደወል ማለት ነው።

የአጎቱ ልጅ አዞ የሌለበትን ቦታ ስለሚያውቅ እሱ መራን። በእጅ እፍኝ ሦስት አራቴ ተበተነ፤ ከዚያ አላለፈም። ብዙ ከተበተነ ዓሣው ይጠግብና መንጠቆውን ያልፈዋል፤ የተረፈውም ታች በስብሶ የውኃውን አየር ይጨርሳል። መንጠቆ ላይ ሁለት ፍሬ በቆሎ ተሰካ፤ ክሩ ተጣለ፤ ተቀመጥን።

አንድ ሰዓት፣ ምንም። ሁለት ሰዓት፣ ምንም። ጫት የለም፣ ሙዚቃ የለም። ጓደኛዬ ክሩን እያየ ሳይዞር እንዲህ አለኝ፦

«ታውቃለህ፣ ሻንጣዋን በር ላይ ሳይ የተናደድኩት በሷ አልነበረም። ትታኝ ብትሄድ የሚፈርድባት ሰው አጣሁላት። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ‹እየጠበቅኩ ነው› ስላት ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ አንድ ቀን አልነገርኳትም። ለራሴም አልነገርኩትም።»

በርጫ ላይ በስድስት ወር ያልሰማሁት ንግግር ነው። ምርቃና ብዙ ያስወራል፤ እንዲህ ዓይነቱን ግን አያስወራም። ምን እንደምመልስለት ሳስብ ክሩ ተወጠረ። አምባዛ! ቀኑ እስኪመሽ ሦስት ያዝን። አንዷን ለአጎቱ ልጅ ትተን ሁለቱን በበረዶ ይዘን ተመለስን። ሚስቱ ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር መልሳው አገኘናት። እሷም ምንም አላለች፣ እሱም አልጠየቃትም። ዓሣውን ግን እሱ ራሱ አጠበ፣ ከተፈ። ይኼ ቤቱ ውስጥ አዲስ ነገር ነው።

አሁንስ?

«ከዚያ ሥራ አገኘ፣ ሀብታም ሆነ» ብዬ አልዋሻችሁም። ቋሚ ሥራ አላገኘም። የቀን ሥራ ግን እየሠራ ነው፤ ጠዋት ይነሳል። በርጫው ከሳምንት ሰባት ቀን ወደ አንድ ወርዷል። በየአሥራ አምስት ቀኑ አዋሽ ይወርዳል፤ ጾም ሲሆን ዓሣ ስለሚፈለግ ለአንድ ምግብ ቤት የተወሰነ ያስረክባል። ጀሪካኑን የምታዘጋጀው ሚስቱ ናት፤ «ባለሙያ ክፍያ አላት» እያለች ከሽያጩ ድርሻዋን ትቀበላለች። በሽታው አሁንም ይጨቃጨቃሉ። ይጨቃጨቁ! ዝም ከመባባል ይሻላል።

መሞከር ለምትፈልጉ ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በፓርክ ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ አይጠመድም፤ አዋሽ ዳር ስትሄዱም የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ አዞው ቀልድ አያውቅም። ሁለተኛ፣ በቆመ ውኃ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ሦስተኛ፣ «የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተን ይቀላል» የሚላችሁን አትስሙ። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ አስክሮ ይጨርሳል። በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ሕግም ይከለክላል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ወጥቶለታል። አቋራጭ ፈልጎ ውኃውን ባዶ ማድረግ ምን እንደሚመስል ሐረማያ አሳይቶናል።

ለናንተስ ምን ልበል?

ደብዳቤ የሚጽፉልኝ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ «እስከ መቼ ልጠብቅ?» ሥራ የሚጠብቅ አለ፣ ውጭ ያለ ፍቅረኛ የሚጠብቅ አለ፣ የባሏን ጠባይ መለወጥ የምትጠብቅ አለች። እስካሁን «ትዕግሥት ይኑራችሁ» እየተባለ ነው የተመለሰላቸው። ያቺ ጠላ ጠማቂ ያሳደገቻት ልጅ ግን የተሻለ መልስ ሰጥታናለች።

ጊዜ ብቻውን ምንም አያበስልም። ያው በቆሎ፣ ያው ጀሪካን፣ ያው የድሬ ፀሐይ ነው፤ አንዱ ማባበያ ሆነ፣ ሌላው ግቢ አገማ። ልዩነቱ አንደኛው በእሳት አለፈ፣ እርሾ ገባበት፣ በየቀኑ ተከፍቶ ታየ። ሌላው ጥሬውን ተከደነና ተረሳ።

እናም ወንድሜ፣ ሥራ እየጠበቅክ ከሆነ በምን እሳት እያለፍክ ነው? ሙያ እየተማርክ ነው? ወይስ ጥሬህን ተከድነህ ነው? እህቴ፣ «ይለወጣል» ብለሽ የምትጠብቂው ሰው ካለ፣ ክዳኑን ከፍተሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? እርሾ የጨመረ አለ? አረፋ ይታያል? ወይስ ሻጋታ ነው? አረፋ ከታየ ትንሽ ታገሺ፣ ማማሰልሽንም አትተዪ። ጸጉር ያበቀለ ሻጋታ ከሆነ ግን መቅበር ነውር አይደለም፤ አዲስ ይጀመራል።

ባለትዳሮች ደግሞ «የወንድ ምስጢር፣ የሴት ሥራ» መባባሉን ብትተዉት ይሻላችኋል። አንዳችሁ የተቸገራችሁበትን ነገር ሌላችሁ ከእናታችሁ ቤት ጀምሮ ታውቁት ይሆናል። መጠየቅ ብቻ ነው።

በሉ ቸር ይግጠመን! ሳምንት እንገናኝ።